ጀንዲ የለበሰው ፍሬን

አማቴ መኪና መንዳት የተማሩት በአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አስተማሪያቸው መኪናዋን የሸጠላቸው ግሪካዊ ነጋዴ ነበር። ጣሊያን ከተማውን ከያዘ ወዲህ ሱቁ ስላልሆነለት ጓዙን ጠቅልሎ ሊሄድ ቸኩሏል። ሞተሩ እንዴት እንደሚነሳ፣ መሪው እንዴት እንደሚዞር፣ ማርሽ እንዴት እንደሚገባ በየተራ አሳያቸው። ፍሬኑ ላይ ሲደርስ ሳል ያዘው። ስሎ ስሎ ሲያበቃ፣ "እሱን ቀስ እያሉ ይለምዱታል" ብሎ አለፈው።

እኛም ቀስ እያልን ለመድነው። የለመድነው ግን አለመኖሩን ነው።

አማቴ ስል የሚስቴን አባት ማለቴ ነው። በልጅነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ኮልፌ የከተሙ የቆዳ ነጋዴ ነበሩ። ከቀራንዮ መድኃኔዓለም ወዲያ ካሉት መንደሮች የበግና የፍየል ቆዳ እየሰበሰቡ ወደ ገበያ ያወርዳሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የነገዱት በበቅሎ ነው። ጦርነቱ ሲመጣ በቅሎዎቹ ለዘመቻ ሄዱና በዚያው ቀሩ። ሰውየው ብዙ ካዘኑ በኋላ ይቺን አሮጌ የጭነት መኪና ገዙ። ትንሽ ናት፤ ከፊት ሁለት ሰው ታስቀምጣለች፣ ከኋላ በሳንቃ የታጠረ ክፍት መጫኛ አላት። አንደኛው በሯ ጠፍቶ በገመድ ተተክቷል። ጡሩምባዋ ብቻ እንደ ጉድ ይጮህ ነበር።

"ገብስ አትጠይቅም" አሉን ግቢ ያስገቧት ዕለት፣ አፍንጫዋን መታ መታ እያደረጉ። "አትራገጥም። ጅብ አይበላትም። ምን ጎደላት?"

የጎደላትን በማግስቱ ቁልቁለቱ ላይ አየነው።

እኔ ያኔ አዲስ ሙሽራ ነኝ። ሙያዬ አናጢነት ነው፤ ነገር ግን በዚያ ወቅት ቤት የሚያሠራ ሰው ጠፍቶ ነበር። የነበረው ሥራ የጣሊያን ሥራ ነው፤ እሱን ደግሞ አማቴ አይወዱልኝም። ስለዚህ ከሳቸው ጋር መዋል ጀመርኩ። ሥራዬ ታኮ መጣል ነበር። ታኮ ከጎማ ሥር የሚወሸቅ ሽብልቅ እንጨት ነው። ከወይራ ጠርቤ፣ አለስልሼ፣ እጀታ አበጅቼለት ስለነበር በሥራዬ ኮርቻለሁ። አማቴ መቆም ሲፈልጉ "ያዝልኝ!" ብለው ይጮሃሉ። ያኔ ከኋላ ዘልዬ እወርድና ከመኪናዋ ጎን እየሮጥኩ ታኮውን ከጎማው ፊት እጥላለሁ። ጎማው አንዳንዴ ይቆማል፤ አንዳንዴ ታኮውን ዘሎት ያልፋል። ሲያልፈው አንስቼ እንደገና እሮጣለሁ። የሰፈሩ ሰው ቁልቁለቱን ስንወርድ እያየ፣ "አማቻቸው ዛሬም እያሳደዳቸው ነው" ይል ነበር።

ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ መንገዱ ወደ ወንዙ ከመታጠፉ በፊት፣ የጎረቤታችን የድርቆሽ ክምር ነበር። ጎረቤታችን የኦሮሞ ገበሬ ናቸው፤ ከአማቴ ጋር በዕድሜም በነገርም እኩያ። ታኮው እምቢ ባለ ቀን አማቴ መሪውን ወደ ክምሩ ያዞራሉ፣ መኪናዋም እስከ ጆሮዋ ድርቆሽ ውስጥ ትገባለች። እውነቱን ለመናገር ምቾት ያለው አቋቋም ነበር። አማቴ ድርቆሽ ከጢማቸው እያራገፉ ይወርዳሉ፤ ጎረቤታችን ደግሞ "ያ ዋቃ!" እያሉ አምላካቸውን እየጠሩ ከጎጇቸው ይወጣሉ።

"ድርቆሹን የከመርኩት ለከብት ነው" ይላሉ።

"አውቃለሁ" ይላሉ አማቴ።

"ለመኪና አይደለም።"

"ትንሽ ወደ መንገዱ ጠጋ ብታደርገው ኖሮ ለመታጠፍ ባልተቸገርኩ።"

ነገሩ በዚሁ በቀጠለ ነበር። ግን በጋው ገፋ፣ ከብቶቹም በሉ። ክምሩ ከሳምንት ሳምንት እያነሰ ሄደ፤ እኛ ልብ አላልንም። ዐቢይ ጾም ከገባ በኋላ አንድ ጠዋት አማቴ "ያዝልኝ!" ብለው ጮኹ። ታኮዬ ከጎማው ሥር ተፈናጥሮ ቄጠማ ውስጥ ገባ። እሳቸው እንደ ልማዳቸው መሪውን አዞሩ። ክምሩ የለም። በቦታው አንዲት ጥጃ የተረፈውን ገለባ ትለቃቅማለች። ቀና ብላ አየችንና በጊዜ ዞር አለች። መኪናዋ የጎረቤታችንን አጥር በአንድ በኩል ገብታ በሌላ በኩል ወጣች፣ ከወንዙ ዳር ያለው ረግረግ አፋፍ ላይ ስትደርስም የባሕር ዛፍ ጉቶ ያዛትና ቆመች።

ጎረቤታችን ወጥተው አጥራቸውን ተመለከቱ። ከዚያ እኛን ተመለከቱ። "ያ ዋቃ" እንኳ አላሉም።

የመኪናችንን ፍሬን ከብት በላው ማለት ነው።

ወሬው ከኛ ቀድሞ ቤት ደርሶ ነበር። የሚስቴ እናት፣ እማማ ነበር የምላቸው፣ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። እማማ ቀጭን ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ቀጭን አይደለም።

"ልጄ ከተሞሸረች ዓመት አልሞላትም" አሏቸው ለባላቸው። "በፍየል ቆዳ ምክንያት መበለት ልታደርጋት ነው? ይቺ ነገር ወይ ትቆማለች ወይ ትሸጣለች።"

"ማን ይገዛታል?" አሉ አማቴ።

"እንግዲያው ትቆማለች።"

ወደ ጋራዥ መውሰድ አይታሰብም። ጋራዦቹን የያዙት ጣሊያኖች ናቸው፤ መኪና ይዞ የገባ የአገሬ ሰው እግሩን ብቻ ይዞ ይወጣል ይባል ነበር። ስለዚህ እኔና አማቴ ራሳችን ልንጠግናት ተነሳን። እሳቸው ስለ ቆዳ ያውቃሉ፣ እኔ ስለ እንጨት አውቃለሁ። መኪናዋ ደግሞ ከብረት ነው የተሠራችው።

ፍሬኗ ያለው የኋላ እግሮቿ ላይ ብቻ ነው። መጀመሪያ ጎማውን ከመሬት ማንሳት ነበረብን። ክሪክ ስላልነበረን ረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ ከሥሯ ሰደን በድንጋይ ላይ አስደገፍነውና ጫፉን ተጭነን አነሳናት። አሁን ጫፉን ተጭኖ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል። ጎረቤታችን ስለ አጥራቸው ሊነጋገሩ በዚያው ሰዓት መጡ።

"እዚህች ላይ ትንሽ አረፍ በልና እናወራለን" አሏቸው አማቴ።

እሳቸውም ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው መነሳት እንደማይችሉ ገባቸው፤ ከተነሱ መኪናዋ እግራችን ላይ ትወርዳለች።

ጎማው ወጣ። ከጎማው ኋላ ታምቡር የሚሉት ከበሮ የመሰለ ብረት አለ፤ እሱን ለማውጣት ረፋዱን ሙሉ ቀጠቀጥን። በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ተላቆ ሲወጣ እኔ ታምቡሩን አቅፌ በጀርባዬ ወደቅሁ። ውስጡን ጎንበስ ብለን አየን። ሁለት የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ብረቶች አሉ፤ ፔዳሉ ሲረገጥ እነሱ ይከፈቱና ታምቡሩን ከውስጥ ይይዙታል። በብረቶቹ ላይ ሸራ የሚባል ለበስ መኖር ነበረበት። ሸራ የለም። በቦታው ግሪካዊው የሰካው የጫማ ሶል አገኘን። የወንድ ጫማ ነው፣ የግራ እግር። ሌላውን ጎማ ስንፈታ ቀኙን አገኘነው።

"ሰውየው ጨዋ ነው" አሉ አማቴ ሶሎቹን ጎን ለጎን አስቀምጠው እያዩ። "የሚያደርገውን ጫማ ነው የሰጣት።"

እኔ የፈታሁትን እያንዳንዱን ብረት በከሰል ምልክት እያደረግሁ በተራ ሣር ላይ ደርድሬ ነበር፤ አናጢ መስኮት ሲፈታ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ውሃ ጠጥቼ ስመለስ አማቴ ሊያግዙኝ ብለው ሁሉንም በጨርቅ አጥርተው፣ ምልክቱን ሁሉ ወልውለው፣ አንድ ቅርጫት ውስጥ ጨምረው ጠበቁኝ። "አሁን ንጹህ ሆነ" አሉኝ ደስ ብሏቸው። አማት ናቸውና ምን እላለሁ።

ቀጥሎ የሸራው ነገር መጣ። አማቴ ብረቱን እያገላበጡ አዩት፣ በጣታቸው ለኩት፣ አሰቡ።

"ቆዳ ነው የሚሆነው" አሉ። "የፍየል አይሆንም፣ ስስ ነው። የበሬ ነው የሚፈልገው። የተለፋ፣ የጠነከረ።" ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ጀንዲው አለ።"

"የማን ጀንዲ?" አልኩ።

"የቤቱ።"

የቤቱ ማለት የእማማ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ጀንዲ መደብ ላይ የሚነጠፍ የተለፋ የበሬ ቆዳ ነው። ያ ጀንዲ የእማማ የሰርግ ጀንዲ ነበር፤ ወፍራም፣ ቀይ፣ በአገራቸው ደህና ባለሙያ የተለፋ። ልጆቻቸውን ሁሉ የወለዱት እሱ ላይ ነው፤ ሚስቴ ሳትቀር። አማቴ ወደ ቤት ሲገቡ ወደ ፍርድ ቤት እንደሚገባ ሰው ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔ ውጭ ቀረሁ። ጎረቤታችን ግንዱ ላይ እንደተቀመጡ ጆሯቸውን አቀኑ።

ብዙ ጩኸት ጠብቄ ነበር። አልመጣም። ቆይተው እማማ ራሳቸው ጀንዲውን ጠቅልለው ተሸክመው ወጡ። መሬት ላይ ዘረጉት። አንዴ በመዳፋቸው አበሱት።

"ቁረጠው" አሉ። "ግን እወቅ፣ ጀንዲዬ በሄደበት እኔም እሄዳለሁ።"

አማቴ እንደ ቀልድ ቆጠሩት። ጀንዲውን በብረቱ ልክ እየለኩ በካራ ሲቆርጡ በሥራቸው ጌታ ነበሩ። እኔ ከኮርቻ ሠሪ ባገኘሁት የመዳብ ሚስማር ቆዳውን በብረቱ ላይ ቸነከርኩ። ከዚያ ያን ቅርጫት ሙሉ ብረት መግጠም ጀመርን። እየገጠምን፣ እየፈታን፣ እየተጨቃጨቅን መሸ። ሁሉም ከገባ በኋላ አንዲት ጠምዛዛ ሽቦ መሬት ላይ ተርፋ አየኋት።

"ይቺስ?" አልኩ።

አማቴ ሽቦዋን ወደ ብርሃን አንስተው አዩዋት። "መለዋወጫ ትሁን" ብለው ኪሳቸው ከተቱ።

"እኔስ ልነሳ?" አሉ ጎረቤታችን ከግንዱ ላይ። ረስተናቸው ነበር።

በማግስቱ ለሙከራ ቁልቁለቱ ራስ ላይ ወጣን። እማማ ቀድመው ከፊት ወንበር ተቀምጠዋል፤ እኔ ከኋላ ቆዳ ላይ። አማቴ ለቀቁና መሀል ላይ ሲደርሱ በሙሉ ክብደታቸው ፔዳሉን ረገጡት። መኪናዋ ቆመች። ቆመች ስል፣ እሷ ቆመች፣ እኛ ግን አልቆምንም። አማቴ በግንባራቸው መሪውን ገጩ፣ እማማ ወደ ፊት ተስፈንጥረው ጡሩምባውን ያዙ፣ እኔ ከኋላ በጣሪያው ላይ አልፌ ሞተሩ ክዳን ላይ ተኛሁ። ጡሩምባው እየጮኸ ሁላችንም ሳቅን። አማቴ ግንባራቸው አብጦ፣ "አያችሁ? አያችሁ?" ይላሉ። ጎረቤታችን ከአጥራቸው ውስጥ አጨበጨቡ።

ሽታው የመጣው ቆይቶ ነው።

የመጋቢት መድኃኔዓለም ዕለት ነበር። ከመንደሮቹ ቆዳ ጭነን ወደ ከተማ ስንወርድ መንገዳችን በቀራንዮ መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው፤ እዚያ ጋ መንገዱ ቁልቁል ነው፣ ሰው ደግሞ ሞልቷል። አማቴ ከላይ ጀምረው ፍሬን ይዘው ቀስ እያሉ ወረዱ። ቆዳው በታምቡሩ ውስጥ እየታሸ ጋለ፤ ከጋለ በኋላ ተጠበሰ። የተጠበሰ ሥጋ ሽታ፣ ያውም የሰባ በሬ፣ በዐቢይ ጾም፣ በንግሥ ቀን፣ በሕዝቡ መሀል ናኘ። ነጠላ የለበሰው ሁሉ ዞረ። ባዶ ሆዳቸውን ያስቀደሱ ሰዎች ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከየአጥሩ ውሻ ወጣና ተከተለን።

አንድ ሽማግሌ ቄስ በመቋሚያቸው አስቆሙን።

"ምን ጭናችኋል?"

"ቆዳ ነው አባቴ" አሉ አማቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው።

"ቆዳ እንዲህ አይሸትም። ይሄ ጥብስ ነው።"

"ፍሬኑ ነው አባቴ።"

"ፍሬን የሚባል ሥጋ አላውቅም" አሉ ቄሱ። ወደ ኋላ ዞረው ጭነቱን በመቋሚያቸው ጎረጎሩ፤ ቆዳና እኔ ብቻ ነን። እማማ ከፊት ሆነው፣ "ጀንዲዬ ነው አባ፤ የሚቃጠለው የሰርግ ጀንዲዬ ነው" አሉ በሐዘን ድምፅ። ቄሱ ነገሩን ለመረዳት ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። በመጨረሻ ሴትዮዋ ሐዘን ላይ ናቸው ብለው ይመስለኛል፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ ብለው አሳለፉን። ውሾቹ ግን አላለፉንም፤ እስከ ወንዙ ድረስ ሸኙን።

ወንዙን በመሻገሪያው ስንሻገር ውሃው ታምቡሮቹ ውስጥ ገባ። ወዲያው ደግሞ የበልግ ዝናብ ጣለ። ዛሬ ጦር ኃይሎች የሚባለው አካባቢ ያኔ ጣሊያኖች ኬላ ነበራቸው፤ አማቴ እዚያ ደርሰው አቆሙና የእጅ ፍሬኑን ሳቡ፤ ፈተሻ ጠበቅን። ፈተሻው ረዘመ። ዝናቡ ቀጠለ። ወታደሮቹ ቆዳውን አንድ በአንድ አገላብጠው ሲያበቁ፣ "አቫንቲ!" አሉን፤ ሂዱ ማለት ነው።

አማቴ ሞተሩን አስነሱ፣ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሬን ለቀቁ። መኪናዋ አጓራች። አልተነሳችም። ደጋገሙ፤ አልተነሳችም። ነገሩ የገባቸው እሳቸው ናቸው፤ ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ።

"አበጠ" አሉኝ ወደ ኋላ ዞረው በሹክሹክታ። "ጀንዲው ውሃ ጠጥቶ አበጠ።"

በጋውን ሙሉ አልቆም ስትል የኖረች መኪና አሁን አልሄድም አለች፤ ያውም ኬላው አፍ ላይ፣ መንገዱን ዘግታ። ከኋላችን የጣሊያን ካሚዮኖች መጥተው ተሰለፉ። ጡሩምባ ጀመሩ። እማማ ዝም አይሉም፤ የኛን ጡሩምባ ተጭነው መለሱላቸው።

የኬላው አለቃ ማርሻሎ ዝናብ ልብሱን ደርቦ እየጮኸ መጣ። ከጎኑ አስተርጓሚው፣ ቀጭን የኛ ሰው፣ ጃንጥላ ይዞለታል።

"ለምን አትሄዱም ይላሉ" አለ አስተርጓሚው።

"ለሱ ንገረው፣ ዝናቡን እሱ አምጥቶብን እኛን አይጠይቀን" አሉ እማማ። "ይሄ ፊቱ የተቀቀለ ሰውዬ!"

አስተርጓሚው ሳያመነታ ረዘም ያለ ነገር ተናገረ። ጣሊያንኛ ብዙም አላውቅም፤ ግን ሳሉቴ ጤና መሆኑን፣ ሲኞራ እመቤት መሆኑን አውቃለሁ። እመቤቲቱ ጤና ይመኙልዎታል ብሎ ተርጉሞ መሆን አለበት፤ ማርሻሎው ግር ብሎት ለእማማ ራሱን ዝቅ አደረገ። ከዚያ ግን ወዲያው ወደ አማቴ ዞሮ በእጁ "ውረድ" አላቸው።

አማቴ አልወረዱም። መሪውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊት ለፊት እያዩ ተቀመጡ። ማርሻሎው ደገመ። አንዱ ወታደር ጠመንጃውን ገልብጦ ሰደፉን አነሳ። እዚያች ላይ ሳቁ ሁሉ አለቀ። ያ ዘመን ሰው በትንሽ ነገር ወጥቶ የማይመለስበት ዘመን ነበር፤ ከኋላ ዘልዬ ወረድኩ፣ ግን ምን ላደርግ እንደወረድኩ አላውቅም። እማማ ቀደሙኝ። በገመዱ በር ወርደው በጭቃው ዞሩና ከወታደሩና ከባላቸው መሀል ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

"ውረድ" አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። ያንን ድምፅ ከሳቸው ሰምቼ አላውቅም። "እኔ ጀንዲዬን ትቼ ወርጄ የለም? አንተም ውረድ።"

አማቴ እጃቸውን ይዘው ወረዱ።

ከኋላችን የነበረው ካሚዮን መኪናችንን ገፍቶ ከመንገድ አወጣት። ማርሻሎው ለሠፈሩ ማገዶ ማመላለሻ ትሆናለች ብሎ ወሰዳት። እኛ የቻልነውን ያህል ቆዳ ተሸክመን በዝናብ በእግራችን ተመለስን።  ቤት አጠገብ ስንደርስ አማቴ ከኪሳቸው ያቺን ጠምዛዛ ሽቦ አውጥተው አዩዋት። "ይቺን ስለሌላት ነው ይሆናል" አሉ። 

ዝናቡ አቆመ፤ ፀሐይ ወጣ። ጥቂት ቀናት አለፉ። አንድ ቀን ከሰዓት ከጎረቤታችን ጋር አጥራቸውን እየጠገንን ሳለ ያን ጡሩምባ ሰማን። የትም ቢሆን ድምፁን አንስተውም። ቀና ስንል መኪናችን ማገዶ ጭና ከቁልቁለቱ ራስ ብቅ አለች፤ የሚነዳት የብላቴና ፊት ያለው የጣሊያን ወታደር ነው። ጀንዲው ደርቋል ማለት ነው። መጀመሪያ በሥርዓት ወረደ። ከዚያ ጭስ ወጣ። ከዚያ ውሾቹ ወጡ። ጭሱ ጠቆረ፣ ሽታው እኛ ድረስ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ቆመ። ቆዳው አለቀ።

ወታደሩ ጡሩምባውን ተጭኖ ሳይለቅ፣ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ አስከትሎ በፊታችን አለፈ። አፉ ተከፍቶ ነበር። ጎረቤታችን በማስተዋል ወደ ጎን ሸሽተው አሳለፉት። ድርቆሽ የለ፣ ጉቶው ከዚያ ወዲህ ተነቅሏል። መኪናዋ ቀጥታ ረግረጉ ውስጥ ገባች፤ ጭቃው እንደ ገንፎ ድምፅ አውጥቶ እስከ ወገቧ ተቀበላት። ማገዶው በልጁ ራስ ላይ አልፎ ወንዙ ውስጥ ተበተነ።

ሮጠን ደረስን። ወታደሩ በአራት እግሩ እየዳኸ ወጣ፤ ከዓይኑ ነጭ በቀር ሰውነቱ ሁሉ ጭቃ ነው። ውሾቹ ከበውት ቁጭ አሉ። እማማ ከቤት እንስራ ውሃ ይዘው መጡና እያፈሰሱለት አጠቡት። እያጠቡት ይሰድቡታል፤ ጀንዲያቸውን ምን እንዳደረገው በዝርዝር ይጠይቁታል። እሱ ምንም ሳይገባው እየተንቀጠቀጠ፣ "ግራሲዬ፣ ግራሲዬ" እያለ ያመሰግናል። ያን ቀን አስተርጓሚ አላስፈለገም።

ማርሻሎው በማግስቱ መጥቶ ረግረጉ ዳር ቆሞ መኪናዋን አየ። ጫማውን ላለማቆሸሽ አልቀረባትም። ብዙ ነገር ተናገረ። አስተርጓሚው ወደኛ ዞሮ፣ "ይሄን ቆሻሻ ከወንዙ ላይ አንሱልኝ፤ ሁለተኛ ዓይኔ እንዳያየው ብለዋል" አለን። ከዚያ ሳይስቅ፣ "ከዓይናቸው ሰውሯት ማለታቸው ነው፤ እናንተ ግቢ ውስጥ አይገቡም" ብሎ ጨመረ።

በጎረቤታችን በሬዎች ጎትተን አወጣናት። አማቴ ከፊት እየሄዱ፣ "ነይ እናቴ፣ ነይ" ይላሉ፤ መኪና ይሁን በቅሎ የሚጠሩት አልለየሁም። ግቢ ስትገባ በቄጠማ አሸት አሸት አድርገው አጠቧት።

እማማ አዲስ ጀንዲ ተገዛላቸው፤ ደረቀብኝ እያሉ እስኪለምዱት ብዙ ተማረሩ። ለፍሬኑ ግን ሁለተኛ ጀንዲ የሚሰጥ አልነበረም። አንድ አርመን የወፍጮ ቤቱን በር የሚጠግንለት አናጢ ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። በሩን እየጠገንኩ የወፍጮውን ቀበቶ አየሁት፤ ወፈር ያለ፣ በድርብ የተሸመነ፣ ቀኑን ሙሉ በብረት ላይ እየዞረ የማይቃጠል። ጥግ ላይ ያረጀ ቁራጭ ተጥሏል። ስለ ሥራዬ ምን እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ እሱን አልኩት። አርመኑ ሞኝ መስዬው በደስታ ሰጠኝ።

በዚህኛው ጊዜ ቀበቶውን በብረቶቹ ልክ ቆርጠን ጥገናውን በሥርዓት አደረግነው። ብረቶቹን ማንም እንዳይወለውላቸው ሚስቴ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ጠበቀች። ሽቦዋም ቦታዋን አገኘች፤ ሥራዋ የተከፈቱትን ብረቶች መልሳ መሰብሰብ ነበር። ይህን ባወቁ ጊዜ አማቴ ኪሳቸውን ዳሰሱ። ጎረቤታችን ግንዱ ላይ የተቀመጡት ትራስ ይዘው መጥተው ነው።

ፋሲካ አለፈና በዳግማ ትንሣኤ ቀን እማማ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው ከፊት ተቀመጡ። እኔና ሚስቴ ከኋላ ተሳፈርን። አማቴ ከቁልቁለቱ ራስ ለቀቁና ግማሽ ላይ ሲደርሱ ፔዳሉን ቀስ አድርገው ጫኑ። ሽታ የለም፣ ጭስ የለም፣ ጩኸት የለም። መኪናዋ እንደ ለመደች በቅሎ ዝግ እያለች መጥታ ቆመች። ከመንገዱ ዳር የቆመች ዶሮ እንኳ አልደነገጠችም።

 አማቴ እግራቸውን ከፔዳሉ ለማንሳት የፈሩ ይመስላሉ።

እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ባላቸው ዞሩ።

"እስቲ ድገመው" አሉ።

አማቴ ቀጣዩ ደጃፍ ድረስ ነዱና ደገሙት። ከዚያ በሚቀጥለውም። ቀራንዮ እስክንደርስ በየሰው በር ላይ እየቆምን፣ ለማንም ምንም ሳንናገር እንደገና እየተነሳን ሄድን። ሰው ምን ፈልገው ነው እያለ ይወጣል፤ እማማ ከመቀመጫቸው ሆነው በግርማ ሰላምታ ይሰጣሉ።